የኪሮስ አጠቃለል

«አልሆንም አልኩህ። ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«ቃል ገብተሃል።»

«የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት! ያኔ ጢም እንኳን አልነበረኝም።»

«አሁንም የለህም።»

ኪሮስ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነክሶ ያዘው። ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ ሳያወጣ በግራው ወደ ግድግዳው አመለከተ። ግድግዳው ላይ የባለቤቴ የመቅደስ ታናሽ ወንድም ዮናስ አለ። የወታደር ልብስ ለብሷል፣ መለዮውን ገደድ አድርጎታል፣ ጥርሱ ብልጭ ብሏል። ከፍሬሙ ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሯል።

«ይሄንን ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መቅደስ መኝታ ቤት ሆና ሕፃኑን እያጠባች ነበር። «ስልክ ላይ ‹እሁድ አርባ ቀኑ ነው፣ የክርስትና አባቱ አንተ ነህ› ስትለኝ፣ ‹አጎቱ ደግሞ እናንተን ሲዋጋ ነው የሞተው› ማለት አቃተህ?»

«ብነግርህ አትመጣም ነበር።»

«አዎ! አልመጣም ነበር!»

«እኮ።»

«ቢንያም፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰውን ማናደድ ታውቅበታለህ።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር። እኔና ኪሮስ ቀበና አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተን ያደግን ነን። እነሱ ቤት ሰው ሲያስነጥስ እኛ ቤት «ይማርህ» ይባላል። ጦርነቱ ሲመጣ እሱ ከወዲያ ማዶ ተገኘ፣ እኔ ከወዲህ። ሁለታችንም መሣሪያ ይዘናል፣ ሁለታችንም ተመልሰናል። እሱ ወደ እናቱ ቤት ወደ ቀበና ከተመለሰ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን አግብቼ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ዘመድ አከራይቶኝ፣ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቻለሁ። ኪሮስ ቤቴ ሲመጣ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ እሁዱ ክርስትና ልንነጋገር መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ አረፍ ሳይል ፎቶውን አየ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የሚያቅፈው ሰው ለልጁ ሁለተኛ አባት ነው፤ ለወላጆቹም እስከ ሞት ድረስ አበልጅ ይሆናል። ከአበልጅ ጋር ክፉ መነጋገር እንኳን ነውር ነው። ኪሮስ ፎቶውን ያየው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው፤ ስለዚህም ነው «አልሆንም» የሚለው።

የበረንዳው በር ክፍት ነበር። ከመደገፊያው ብረት ላይ መቅደስ ለክርስትናው ብላ አጥባ ያሰጣችው ቀይ ምንጣፍ ይንጠባጠባል። ርዝመቱ ሦስት ክንድ ቢሆን ነው። እርጥብ ምንጣፍ ሽታ አለው፤ የበግ ፀጉር፣ የሳሙና፣ የአቧራና የተረገጠ ሣር ሽታ አንድ ላይ። ነፋስ ያን ሽታ ወደ ውስጥ አስገባው። ኪሮስ አንገቱን መለስ አድርጎ ምንጣፉን አየው።

«የኛ ነው?»

«ሲያረጅ ቆራርጠን ተካፈልነው። ያንተ ድርሻ እናትህ ጋ አለ።»

«አይቼዋለሁ። ሣጥን ውስጥ ናፍታሊን አድርጋበት።»

ሠላሳ አምስት ዓመት ለትዝታ ገና ነው ይሉኛል የምሠራበት ማተሚያ ቤት ያሉ ሰዎች። እኔ ግን ታክሲ በሰባ ሳንቲም የተሳፈረ ሰው ዕድሜው አይጠየቅም ባይ ነኝ። ያኔ ሚሌኒየሙ ሊገባ ከተማው ሽር ጉድ ይላል። ሳምቡሳ በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ምስሩ ሲቆጠር ሰባት ፍሬ ይሆናል፣ ቃሪያው ግን አይን ያስለቅሳል። ሰፊ ጂንስ እናስጎትታለን፣ ጫፉ የቀበናን ጭቃ ሲጠርግ ይውላል። ሸራ ጫማችንን በጠመኔ እናነጣለን፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ኖራ እንደ ረገጠ ሰው ነጭ ዱካ እየተውን እንሄዳለን። ለሁለታችን አንድ ሲም ካርድ ነበረን። እስከ ሐሙስ እሱ ይይዘዋል፣ ከሐሙስ በኋላ እኔ። ቆንጆ ልጅ ቁጥር ስትጠይቀን «ከሐሙስ በኋላ ደውዪ» እላለሁ፣ እሱ «ከሐሙስ በፊት» ይላል። አንዷ ቀኑን አሳስታ ረቡዕ ደውላ ከኪሮስ ጋር ስድስት ወር ቆየች። ከቀበና ድልድይ ወረድ ብሎ ያለው ሲዲ ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ ባለቤቱን እጮኛው ጥላው ሄዳ ነው ይባላል። ዘፈኑን ስለ ጠላነው ሳይሆን ስለ ሰውዬው አዝነን «እባክህ ቀይረው» ብለን እንለምነው ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ያቺ ዜማ ከአስፋልቱ ሥር ትሰማኛለች።

በዚያው ዓመት ነው የሰፈራችን ልጆች ለጥምቀት ምንጣፍ ማንጠፍ የጀመርነው። ቤት ለቤት ዞረን አዋጥተን ቀይ ምንጣፍ ገዛን። ረጅም መስሎን ነበር። ታቦቱ ከሚሄድበት መንገድ ጋር ሲተያይ ግን የጫማ ክር ነው። ስለዚህ ሥራው ዘዴ አለው። ከፊት ያሉት ይዘረጋሉ፣ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው በላዩ ያልፋሉ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ የታለፈበትን ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሕዝቡ ዳር እየሮጡ ወደ ፊት ያደርሱታል። እንደገና ይዘረጋል። ከጃን ሜዳ እስከ ደብራችን ድረስ ያው ምንጣፍ ሺህ ጊዜ ይወለዳል። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ኪሮስ ከኋላ። ቀኑን ሙሉ አንተያይም። ከእሱ ወደ እኔ የሚመጣው ምንጣፉ ብቻ ነው፤ አጠቃለሉን አይቼ ደክሞት እንደሆነ፣ ተናዶ እንደሆነ፣ ሰው ገፍቶት እንደሆነ አውቃለሁ።

አጠቃለሉ የራሱ ነበር። ጫፉን አንድ ጋት ያህል ወደ ውስጥ ያጥፋል። በጉልበቱ እየገፋ ይጠቀልላል። ገመዱን ሁለቴ አዙሮ፣ ሳይቋጥር፣ ከራሱ ከገመዱ ሥር ይወሽቀዋል። እኔ ከፊት ሆኜ ጫፉን አንዴ ስስበው ይፈታል፤ ምንጣፉም እንደ ውኃ እየፈሰሰ ይሄዳል። ሌሎቹ የጠቀለሉት ሲመጣ ቋጠሮ ስፈታ ካህናቱ ይደርሱብኛል። ሰፈሩ ኪሮስን «ጠቅላይ» ብሎ ሰየመው። እናቱ እትዬ ለተብርሃን ደግሞ «ሚኒስትሩስ መቼ ነው?» እያሉ ያበሽቁት ነበር።

እኔ ያኔም ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም። እትዬ ለተብርሃን ሱቅ ስኳር የሚቋጠርበትን አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት እያነበብኩ፣ የጎደለውን ስንኝ ራሴ እየሞላሁ ነው የተማርኩት። ለምንጣፍ ልጆች ቲሸርት ከጀርባው የሚታተም ግጥም ሲፈለግ እኔ ተጠየቅኩ። ሦስት ቀን አምጬ ይህን አመጣሁ፦

አንተ ከኋላዬ እየጠቀለልከው፣
ይህን አጭር ምንጣፍ አገር አሳከልከው።

የቡድኑ ሰብሳቢ ሁለቴ አነበበውና «ታቦቱ የታለ እዚህ ውስጥ? ይሄ ስለ ኪሮስ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። በምትኩ ሁሉም የሚያውቀው «እንኳን አደረሳችሁ» ታተመ። እኔና ኪሮስ ግን አታሚውን ለምነን የኔ ግጥም ያለባቸው ሁለት ቲሸርቶች አሠራን። የእሱን እናቱ በሦስተኛው ወር የወለል መወልወያ አደረጉት። ስቆጣ «ታዲያ ምን አለበት፣ ግጥሙ እንደሆነ አልለቀቀም» አሉኝ።

በዚያው ጥምቀት ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ አዋረድኩ። ከጃን ሜዳ ወጣ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግርግሩ ውስጥ የሌላ ደብር ታቦት ከኛ ቀድሞ ገባና ምንጣፋችን ላይ ወጣ። እኔ አጎንብሼ እዘረጋለሁ፤ ከፊት የሚያነጥፍ ሰው ወደ ኋላ አያይም። እየዘረጋሁ በግራው መንገድ ሄድኩ። የኛ ታቦት ለካ በቀኙ ታጥፏል። ብዙ ከሄድኩ በኋላ ቀና ስል መዝሙሩ የኛ አይደለም፣ ጃንጥላው የኛ አይደለም፣ ካህናቱም የማላውቃቸው ናቸው። ከኋላቸው ግን ኪሮስ አለ፤ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይጠቀልላል።

«አንተ! የማን ታቦት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተን ነው የተከተልኩት!»

አንድ ሽማግሌ ቄስ ነገሩ ገባቸውና ሳቁ። «ልጆቼ፣ ታቦት ባዕድ የለውም። ጀምራችኋል፣ አድርሱን» አሉን። አደረስናቸው። የራሳችን ደብር ካህናት በባዶ አስፋልት ገቡ። ለዓመት ያህል ከድልድዩ በታች ባለፍን ቁጥር «ወዴት ናችሁ? ዛሬስ ታውቁታላችሁ?» እየተባልን ኖርን።

ቅጣታችን ምንጣፉን ማጠብ ሆነ። ሁለታችን ብቻ እየተቀባበልን ተሸክመን እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ መሀል ካለች ምንጭ አጥበን፣ ለጥ ያለ ሣር ላይ ዘርግተን፣ ላም እንዳይሄድበት ዳርና ዳር ተጋደምን። አሁን በዚያ አካባቢ መናፈሻ ተሠርቶ ልጆች ፈረስ እየተከራዩ ፎቶ ይነሣሉ። ያኔ እኛና ቀይ ምንጣፍ ብቻ ነበርን፤ ከታች ደግሞ አዲስ አበባ፣ ቆርቆሮዋን ለፀሐይ ዘርግታ። ያን ዕለት ነው የጠየቀኝ።

«የክርስትና አባትህ ማን ነው? አይቼው አላውቅም።»

«እኔም አይቼው አላውቅም።» የሆነውን ነገርኩት። የታሰበው ሰው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ቄሱ ሲቸኩሉ፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሻማ የሚሸጥ ሰውዬ በክንዱ ጎትታ አስገባች። ሰውዬው እኔን አቅፎ አስጠምቆኝ ወደ ሻማው ተመለሰ። ስሙን እንኳን የጠየቀው የለም።

ኪሮስ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እሱ ሲቀልድ ይተኛል፣ ቁም ነገር ሲናገር ይቀመጣል።

«የኔን ልጅ አንተ ታቅፋለህ። ያንተን እኔ። ሻማ ሻጭ የሚባል ነገር የለም።»

«ሴት ብትሆንስ? ለሴት የክርስትና እናት ነው የሚያስፈልጋት።»

«እንግዲህ ወንድ ውለዳ! ይሄ ያቅትሃል?»

ታቦት የሄደበት ምንጣፍ ነውና እጃችንን ላዩ ላይ ጭነን ማልን። ሱሪያችን እንደ ረጠበ፣ ምንጣፉን እንደ ተሸከምን፣ ቁልቁል ወደ ቀበና ወረድን።

ቀጥሎ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ኪሮስ ለአያቱ ተዝካር ወደ እናቱ አገር ወደ ትግራይ ሄደ፤ ለሁለት ሳምንት ብሎ፣ በአንዲት የጀርባ ቦርሳ። መንገዱ ተዘጋ። ስልኩ ተዘጋ። እኔ መገናኛ ያለችው ማተሚያ ቤት ውስጥ ለዘማች ልጆች ቲሸርት ሳትም ሰነበትኩና አንድ ቀን የመጨረሻዋን ራሴ ለበስኳት። ለምን ብትሉኝ ዛሬም ጥርት ያለ መልስ የለኝም። የሰፈሬ ልጆች ሄደው እኔ ቀለም ሳቦካ መቅረቴ አሳፍሮኝ ይሆናል። እትዬ ለተብርሃንን ሳልሰናበት መሄድ አልሆነልኝም። ሱቃቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ደንበኛውም ቀርቶ ነበር። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ወደ ጓዳ ገብተው ቡናማ፣ አናቱ ላይ ነጭ መስመር ያለው ወፍራም ካልሲ ይዘው መጡ።

«ካገኘኸው ይሄን ስጠው። እግሩ ይበርደዋል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው...»

«የት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም። ስጠው።»

ግንባሩ መገናኛ ታክሲ ተራ ይመስል ተቀበልኳቸው። ካልሲውን አልለበስኩትም፤ ብርዱ አጥንት ሲሰብር እንኳን አልለበስኩትም። ወራት አለፉ። አንድ ቁልቋል የበዛበት ኮረብታ ነበር፤ አናቱ ላይ የፈረሰ ትምህርት ቤት አለው። አንዴ እኛ እንይዘዋለን፣ አንዴ እነሱ። አንድ ጠዋት እነሱ ለቀው እኛ ስንገባ፣ ምሽጋቸው ውስጥ የተጠቀለለ ሸራ አገኘሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጫፉ አንድ ጋት ወደ ውስጥ ታጥፏል። ገመዱ ሁለቴ ዞሮ፣ ሳይቋጠር፣ ከራሱ ሥር ተወሽቋል። እዚያው ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ጓዶቼ የተመታሁ መስሏቸው ሮጡ። «ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው» አልኩ። ኪሮስ በሕይወት አለ፤ ትናንት እዚህ ነበር፤ ትናንት ደግሞ ወደዚህ ስተኩስ ውያለሁ። በሦስተኛው ቀን ለቃችሁ ውረዱ ስንባል ካልሲውን ሸራው ውስጥ አስገብቼ፣ መልሼ በእሱ አጠቃለል ጠቅልዬ ወሸቅኩት። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ያቺን ነገር እያሰብኩ ነው የኖርኩት።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለኪሮስም። ዓመት ሙሉ ስንገናኝ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ እሱ ስለሚሠራው የመብራት ዝርጋታ ነው የምናወራው። ያን ዓርብ ግን ክርክሩ ሲያልቅብኝ የመጨረሻዋን ካርታ ጣልኩ።

«ከተለያየን በኋላ አልተገናኘንም እንዳትለኝ» አልኩት። «ያ ቁልቋል ያለበት ኮረብታ ላይ ሸራህን አግኝቻለሁ።»

ግንባሩን ቋጠረ። «የትኛው? የፈረሰ ትምህርት ቤት ያለው?»

«እሱ። በአጠቃለልህ አወቅኩህ።»

«እኔ እዚያ ኮረብታ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ትንሿ ጣቱ ከሥሯ የለችም። ዓመት ሙሉ ሲጨብጠኝ በግራው ነበር፤ እኔ ደግሞ አልጠየቅኩትም። «ያኔ ይሄን ይዤ ሆስፒታል ነበርኩ። ልጆቹ ናቸው እዚያ የነበሩት። ሸራ አጠቃለል ያስተማርኳቸው እኔ ነኛ። ቋጠሮ ሲፈቱ ጊዜ እየፈጀ አስቸገሩኝ። አርባ ሰው ነው እንደኔ የሚጠቀልለው።»

አርባ ሰው። የኔ ምልክት የአርባ ሰው ሆነች።

«ታዲያ ካልሲውስ?» አልኩት እንደ ሞኝ።

«የምን ካልሲ?»

ነገርኩት። እናቱ በር ላይ ያሉኝን ሳይቀር። ኪሮስ መሳቅ ጀመረ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። «ለጠላት ምሽግ ካልሲ አደረስክ? አንተ ሰውዬ! አሁንም የማን ታቦት እንደሆነ ሳታይ ነው የምታነጥፈው!» ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። «ቆይ። ቡናማ ነው? ነጭ መስመር ያለው?»

«አዎ።»

ሶፋው ላይ ተደግፎ የነበረው ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ሐጎስ የሚባል ልጅ ነበር። ከሆስፒታል ስመለስ እግሩን ዘርግቶ ለሁሉም ያሳያል። ‹ሸራው ካልሲ ወለደልኝ› ይላል። ውሸታም አልነው፤ ከሬሳ ላይ ነው የገፈፍከው ብለን ተቆጣነው። ማለልን። ማንም አላመነውም። ‹ካልሲ› ብለን ስም አወጣንለት።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

ኪሮስ በረንዳው ላይ የሚንጠባጠበውን ምንጣፍ ያይ ነበር።

«ከነካልሲው ነው የቀበርነው» አለ።

መቅደስ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ልጁን ትከሻዋ ላይ ደግፋ ጀርባውን ቸብ ቸብ ታደርገዋለች። እሷ የካራ ሰፈር ልጅ ናት፤ ካራዎች ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«የዮናስንስ እግር ማን ሸፈነለት?» አለች።

ኪሮስ ከመቀመጫው ተነሣ። «አላውቅም፣ መቅደስ።»

«እዚያ ነበርክ?»

«የት ነው የወደቀው?»

«አልነገሩንም። መርዶው ብቻ ነው የደረሰን።»

«እንግዲያው እኔም አላውቅም። ‹አልነበርኩም› ብዬ ብምልልሽ ደስ ባለኝ። ግን የማላውቀውን አልምልም።» ጣት የጎደለው እጁን ወደ ኪሱ ሊመልስ ብሎ ተወው። «ለዚህ ነው ለቢንያም አልሆንም ያልኩት። ልጅሽን በዚህ እጅ ሳቅፈው እያየሽ ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ።»

«የማስበውን አንተ አታውቅም» አለች።

ከታች ግቢው ውስጥ ሰዎች ውኃ ሲቀዱ የጄሪካን ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ እኔ ሁለቱንም ማየት ፈርቼ ዮናስን ነበር የማየው። ኪሮስ ከዚህ ቤት «እንቢ» ብሎ ከወጣ መቼም እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ እሱ ከኋላ የሚጠቀልል ሰው ነው፣ የጠቀለለውን አይፈታም። ልጄም እሁድ ጠዋት ከበር ላይ በተጎተተ ሰው ይታቀፋል።

«ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም» አለች መቅደስ። «ይሄ በአንድ ከሰዓት የሚሆን ነገር አይደለም። ምናልባትም አይሆን ይሆናል።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ መሆኔን ከአንተ አልጠየቅኩም።» ልጁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው። «ልብሱ ግን አልተገዛም።»

«የምን ልብስ?»

«የክርስትናው ልብስ ነዋ! በኛ ቤት የሚገዛው የክርስትና አባቱ ነው። ዓርብ መሸብኝ እኮ። እሁድ ልጄን ራቁቱን ልውሰደው?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ያንን ሻማ ሻጭህን እንዳታመጣብኝ።»

አልሳቅኩም። ኪሮስም አልሳቀም። መቅደስ ወደ በረንዳው ወጥታ ምንጣፉን በእጇ ዳበሰችው፤ ያልደረቀ መሆኑን ስታይ ተወችውና ተመልሳ ልጁን ሶፋው ላይ አስተኛችው። እግሩን ያነሣል፣ ይጥላል። ኪሮስ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ ተንበረከከ። ቀኙን ዘረጋ፤ ጣት የጎደለው ስንዝር ሙሉ ስላልሆነ መለሰውና ግራውን አወጣ። ከልጁ አንገት ሥር ጀምሮ እስከ ተረከዙ ድረስ ለካው፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ።

«ሁለት ስንዝር» አለ ለራሱ። ትንሽ አሰበ። «ረዘም ያለ ነው የምገዛው። ጫፉ አንድ ጋት ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ያድጋል።»

መቅደስ ልጁን አነሣችው።

ኪሮስ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። ክሩን አልቋጠረም፤ ሁለቴ አዞረና ወሸቀው። ቀና ብሎ ዮናስን አንዴ አየው፣ እኔን አላየኝም። መገናኛ ያሉት ሱቆች ሳይዘጉ ለመድረስ የቸኮለ ሰው ይመስል ወጣ፤ በሩም ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።